ሁለተኛው ሳል

ሰው ሲስል ደስ የሚለኝ ሴት ነኝ። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ከሆዱ ስቦ ሲስል ሌላው ፊቱን ያዞራል፤ እኔ በልቤ «ጎበዝ፣ ሆድህም ሳንባህም ደህና ነው» እለዋለሁ። ልጆቼ ያፍሩብኛል። ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ትልቋ ልጄ «እማ፣ አሁንስ ሆስፒታሉን ለቀሻል፤ እባክሽ ሰውን ሳል እያልሽ አታስቸግሪ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ግን ምን ላድርግ? የሥራ ዘመኔ በሙሉ በሳል ዙሪያ ያለቀ ነው። ሌላው ጡረተኛ ስለ ሹመቱና ስለ ሽልማቱ ይጻፍ፤ እኔ ስለ ሳል እጽፋለሁ።

ዘይነብ እባላለሁ። ጎንደር አዲስ ዓለም ተወልጄ ያደግሁ፣ በማደንዘዣ ባለሙያነት ያረጀሁ ነኝ። አባቴ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ይነግድ ነበር። ጋቢ ሲገዛ ዓይኑን ጨፍኖ ጫፉን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ያሸዋል፤ ከዚያ «ሦስተኛው ድርብ ስስ ነው፣ ቀንስ» ይለዋል ሸማኔውን። ሸማኔው በሰማይ በምድሩ ይምላል፣ አባቴ ይስቃል፣ መጨረሻ ላይ ሸማኔውም ይስቃል። ያ የጣት ነገር ወደ እኔ ዞሮ መጣ። አባቴ ሱቁን እንድወርስለት ነበር ምኞቱ፤ እኔ ግን የወረስኩት ጣቱን ነው። ምን ላይ እንደማውለው ያኔ እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ።

ነርስ ሆኜ የተመደብኩት አዲ አርቃይ ጤና ጣቢያ ነበር። ደርግ ወድቆ አገሩ ገና እየተረጋጋ ያለበት ጊዜ ነው። ደመወዙ የሚወራ ስላልሆነ አላወራውም። እዚያ ከሁሉ በፊት የተዋወቅሁት በሽታ የአንጀት መጠምዘዝ ነው። የደጋ ገበሬ ጎልማሳ ከላይ ከተራራው በቃሬዛ ይወርዳል፤ ሆዱ ከበሮ መስሎ ተወጥሯል፣ ፈስም የለ ሰገራም የለ። ትልቁ አንጀት በገዛ ራሱ ላይ እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ነው። ለምን የደጋውን ወንድ እንደሚወድ ሐኪሞች የየራሳቸውን ይናገራሉ፤ እኛ ጤና ጣቢያ ውስጥ ግን በእጃችን ያለው ግሉኮስ ብቻ ነበር። ግሉኮሱን ሰክተን የጭነት ማኪና ለምነን ወደ ጎንደር እንልካለን።

አንዳንዴ እኔ እሸኛቸዋለሁ። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማኪናው በየኩርባው ሲዘል እኔ ጤነኛዋ ወገቤን ይዤ እጮኻለሁ፤ ሆዱ የተወጠረው ሰውዬ ግን ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ዝም። አንድ ጊዜ «ምነው አንቺ ልጅ፣ አመመሽ እንዴ?» ብሎ በሽተኛው እኔን ጠየቀኝ። የዚህ አገር ሰው ሕመም አይሰማውም ብዬ ደመደምኩ። እንዲህ የምለው ደግሞ እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ ሐኪሙም ነርሱም ይለዋል፣ በአድናቆት።

ከዚያ ጎንደር ተመልሼ ማደንዘዣ ተማርኩ፤ ጋሽ ሥዩም እጅ ላይ ወደቅሁ። ስለ እሱ ስጽፍ እስክሪብቶዬ ይቸኩላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከኦፕራሲዮን ልብሱ ሥር ክረምት ከበጋ ሹራብ የማያወልቅ ሰው ነበር። የበሽተኛ ሆድ ከመንካቱ በፊት እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ያሞቃል። እኛ ተማሪዎቹ «ጋሽ ሥዩም እንቁላል ታቀፈ» እያልን እንስቃለን፤ ይሰማናል፣ እጁን ግን አያወጣም። በሽተኛው አልጋ ላይ ሲቀመጥ ያስፈቅዳል። «እዚህች ጥግ ልረፍ?» ይላል፣ እንግዳ ቤት የገባ ይመስል። ከዚያ ስለ ከብቱ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ ይጠይቃል፤ ሰውዬው ሲመልስ እሱ ጆሮውን ሰጥቶ ዓይኑ ግን ሆዱ ላይ ነው፤ ሆዱ ከትንፋሹ ጋር ይነሳል አይነሳም፣ እሱን ያያል። ማደንዘዣ ማሽናችን ከሚሠራበት የሚበላሽበት ቀን ይበልጥ ስለነበር የጋሽ ሥዩም ዓይን ዋናው መሣሪያችን ነበር።

ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚሰጥ ጠንካራ ማስታገሻ አንድ ነበር፣ ፔቲዲን። እሱም ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ ቁልፉ የነርሶቹ አለቃ፣ የማትሮኗ አንገት ላይ ነው። ስንጠይቃት ከጥሎሿ የምንወስድባት ይመስል ፊቷ ይለዋወጣል። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ መድኃኒቱ ጥቂት ነው፣ የሚፈልገው ብዙ። ስለዚህ ማስታገሻው ለሚጮኸው ይሄዳል።

አያ እንየው አልጮኸም። ከደባርቅ ማዶ የመጣ ገበሬ ነበር። እኛ አገር ሰውን አያ ብሎ አንተ ማለት ንቀት አይደለም፣ እንደ ታላቅ ወንድም ማቅረብ ነው። አንጀቱ ተጠምዝዞ ደረሰ። ቀዶ ሐኪሙ ሆዱን ከላይ እስከ ታች ከፍቶ የተጠመዘዘውን ቆርጦ አወጣ፣ ጤነኛውን ከጤነኛው ገጠመ። ሸጋ ሥራ ነበር። ጋሽ ሥዩም አደነዘዘው፣ እኔ ረዳሁት፣ በሰላም ነቃ። ሚስቱ ወይዘሮ የሺ እጃችንን ልትስም ስትል ሸሸናት።

ጠዋት ስንዞር አልጋውን ዘመድ ከብቦታል። «እንዴት አደርክ አያ እንየው? ያምሃል?» እንለዋለን። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልል» ይላል ፈገግ ብሎ። ጠያቂዎቹ ደረታቸው ይነፋል። አጠገቡ ትርፍ አንጀት የተሠራ የከተማ ጎረምሳ እናቴን እያለ ያለቅሳል፤ ፔቲዲኑ ለእሱ ሆነ። አያ እንየው ቀጥ ብሎ ተኝቶ ትንፋሹን ከደረቱ አፋፍ ብቻ ይቀዳል። በረጅሙ ከተነፈሰ ቁስሉ ይወጋዋል፤ ከሳለማ ሊያስጮኸው ነው። ስለዚህ አልተነፈሰም፣ አልሳለም። አክታው ሳንባው ውስጥ ተጠራቀመ፣ ትኩሳት ገባ። መድኃኒት ቀየርን፣ ኦክስጅን ሰጠን፣ ጋሽ ሥዩም ራሱ ደግፎ ሊያስቀምጠው ታገለ። ዘግይተን ነበር። ሆዱ ድኖ ሳለ በደረቱ ሞተ።

በማግስቱ ጋሽ ሥዩም ሰበሰበን። ይቆጣል ብለን ስንጠብቅ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። «ያምሃል ወይ ብለን ጠየቅነው» አለ። «ዘመድ ፊት እንዴት አደርክ እንደማለት ነው። የሰላምታ ጥያቄ ጠየቅነው፣ የሰላምታ መልስ ሰጠን። ከእንግዲህ ያምሃል ወይ የሚል ከዚህ ክፍል ይውጣልኝ። ሳል በሉት። ከሳለ ማስታገሻው በቅቶታል። ካልሳለ አሞታል፣ ምንም ቢላችሁ።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሥራችን ሌላ ሆነ። እውነቴን ነው፣ አንዲት ቃል አንድ ዋርድ፣ የበሽተኛ መኝታ ክፍል ሙሉ፣ ስትለውጥ አይቻለሁ። ጋሽ ሥዩም በሽተኛውን «እስቲ ሳል» ይለዋል። ሰውዬው ለጨዋነት ያህል ከጉሮሮው እህ ይላል። «ድገመው» ይላል ጋሽ ሥዩም። ሚስጥሩ ያለው እዚያ ነው። የመጀመሪያውን ሳል በሽተኛው ለሐኪሙ ብሎ ይስላል፤ ሁለተኛውን የሚስለው ከቻለ ብቻ ነው። ሁለተኛው ላይ እጁ ሳያስበው ሆዱን ከያዘ፣ ወይ ዓይኑ ከተጨፈነ፣ ጋሽ ሥዩም ዞር ብሎ ወደ ማትሮኗ ይሄዳል። ማትሮኗም ውላ አድራ «ሁለተኛውን ሳለ?» ማለት ጀመረች፤ አልሳለም ካልናት ቁልፉን ከአንገቷ ታወጣለች።

ይሁን እንጂ ማወቅ አንድ ነገር፣ ማስታገስ ሌላ። ፔቲዲን ሕመሙን ቢቀንስም ሰውዬውን ያስተኛዋል፤ የተኛ ሰው ደግሞ አይስልም። የሚያስፈልገን አእምሮውን ሳይነካ የሆዱን ግድግዳ ብቻ የሚያደነዝዝ ነገር ነበር። ከዓመታት በኋላ አንድ ለማሠልጠን የመጣ የማደንዘዣ ሐኪም ያንን ነገር ይዞልን መጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የሆዳችን ግድግዳ በጎንና በጎን ሦስት ጡንቻ ተደራርቦበታል። ሕመሙን የሚሸከሙት ነርቮች በሁለተኛውና በሦስተኛው መሃል ያልፋሉ። ጫፏ ደነዝ ያለች መርፌ ከዳሌ በላይ በጎን ታስገባለህ። የመጀመሪያውን ድርብ ስታልፍ እጅህ ላይ ጠቅ ትላለች። ትንሽ ገፋ፣ ሁለተኛ ጠቅ። እዚያ ቁም፣ መድኃኒቱን ልቀቅ።

ሐኪሙ ይህን ሲናገር እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ቆሜያለሁ። ጋቢ ነው! የአባቴ ጋቢ! ተራዬ ደርሶ መርፌዋን ስይዝ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ጠቅ፣ ጠቅ። ጋሽ ሥዩም አጠገቤ ቆሞ «ምን ታደርጊያለሽ ተኝተሽ?» ሲለኝ «ጨርቅ እየገዛሁ ነው» አልኩት። የዚያን ዕለት በሽተኛ ማታ ስንጠይቀው ሳለ፣ ደገመው፣ ከዚያም ሳንጠይቀው ለሦስተኛ ጊዜ ሳለና «ምነው፣ ሌላ የምታዝዙኝ የለም?» አለን። አባቴ ያን ጊዜ በሕይወት ነበር። ቤት ገብቼ ስነግረው ጣቱን አየ፣ ጣቴን አየ፣ «እንግዲያ ሱቁን ወርሰሻል» አለኝ። ያቺን ማታ እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ጋሽ ሥዩም ጡረታ ወጥቶ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ባለው ቤቱ አትክልት መኮትኮት ጀመረ። እኔም በተራዬ አስተማሪ ሆንኩ። አለቆች መጡ፣ ሄዱ፤ አንዱ ስብሰባ ይወዳል፣ አንዱ ቀለም መቀባት። ከዚያ ሁለት ነገር ተከታትሎ ገባልን። የመጀመሪያው በአልትራሳውንድ እያዩ መርፌ መስጠት ነው። ማሽኑ የማዋለጃ ክፍሉ ስለነበር በልመና እየተዋስን ነው የምንጠቀምበት። ስክሪኑ ላይ ሦስቱ ድርብ ተነጥፈው ታያለህ፤ መርፌዋ ነጭ ክር መስላ ትገባለች፤ መድኃኒቱ ሲገባ ሁለቱ ጡንቻዎች መሃል ጥቁር ነገር በዓይን ቅርጽ ይከፈታል። በጣቴ ብቻ የማውቀውን ነገር በዓይኔ ባየሁ ቀን ቤት እስክገባ መንገዱ ላይ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ሁለተኛው በቀዳዳ የሚሠራው ኦፕራሲዮን ነው። ሆድ አይተረተርም። በጥቃቅን ቀዳዳዎች ካሜራና ረጃጅም መሣሪያ ይገባል፤ ሆዱ በጋዝ ይነፋል፤ ሐኪሙ ቴሌቪዥን እያየ ይሠራል። ይህን ተምሮ የመጣው ዶክተር ሄኖክ ሲናገር እጁ አያርፍም፣ እንደ እኔው ቶሎ የሚሞቅ ሰው ነው። ሐሞት ከረጢት ሠራ፣ ትርፍ አንጀት ሠራ። «ሲስተር ዘይነብ፣ ቀጥሎ አንጀት ነው» ይለኛል ባገኘኝ ቁጥር። ለመጀመሪያው የአንጀት ሥራ የሚሆን ሰው እንፈልግ ነበር።

ሰውዬውም መጣ። ጫኔ ይባላል፤ ከደባርቅ ማዶ፤ አንጀቱ ተጠምዝዞ። ዶክተር ሄኖክ በታች በኩል ቱቦ አስገብቶ የተጠመዘዘውን ፈታለት፣ ሆዱ ተነፈሰ። ግን እንዲህ የተፈታ አንጀት ተመልሶ ይጠመዘዛል። የሚቀጥለው ጊዜ ከተራራው ላይ ሳይወርድ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ አሁን፣ ሰውነቱ ደህና ሳለ፣ የላላውን ትልቅ አንጀት ቆርጦ ማውጣት ነው የሚሻለው። ጫኔ ግን ጫማውን አድርጎ አልጋው ላይ ተቀምጧል።

«ሆዴ ተንፍሷል። ልቀቁኝ» አለን።

አጠገቡ ሽበት የወረራት ሴት ቆማለች። አተኩሬ አየኋት፣ አተኩራ አየችኝ። ወይዘሮ የሺ ናት። የአያ እንየው ሚስት። ጫኔ የአያ እንየው ታናሽ ወንድም ነው! ያኔ ለግላጋ ልጅ ሆኖ ሬሳውን በጭነት ማኪና ይዞ የተመለሰው እሱ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሳላስፈቅድ።

ዶክተር ሄኖክ አስረዳው፤ ቀዳዳው ትንሽ እንደሆነ፣ ቶሎ እንደሚነሳ፣ ሁሉንም። ጫኔ በትዕግሥት ሰማው። ከዚያ አጎንብሶ እንዲህ አለ፦ «ወንድሜ ሆዱ ተተርትሮ ቃል ሳይወጣው ነው የሞተ። በአገራችን ለቅሶ በተቀመጠ ቁጥር ስሙ ይነሳል። የእንየው ወንድም ሐኪም ቤት ጮኸ ከሚባል አንጀቴ እዚያው ተራራዬ ላይ ተጠምዝዞ ይግደለኝ።»

የቤተሰቡ ኩራት ያ ዝምታ ነው። እኔ ደግሞ የማውቀው ያ ዝምታ እንደገደለው ነው። ብናገር ጀግናቸውን ልነጥቃቸው፤ ዝም ብል ሁለተኛውን ወንድም ልቀብር። መናገሩን መረጥኩ።

«ጫኔ፣ አያ እንየውን ቢላዋ አልገደለውም» አልኩት። «ኦፕራሲዮኑ ሸጋ ነበር። አሞት አልነገረንም። እያመመው ስላልሳለ ሳንባው ተዘጋ። ቢነግረን መድኃኒት ነበረን።»

ጫኔ ፊቱ ጠቆረ፤ ሊነሳ ሲል ወይዘሮ የሺ ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችው።

«እውነቷን ነው» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ለእኔ ነግሮኝ ነበር። የሺ፣ ትንፋሼን የሚቆርጥ ነገር አለ፣ ስተነፍስ ይወጋኛል አለኝ። ለሰው እንዳልናገር አስማለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ በሆዴ ይዤው ነበር።» ነጠላዋን መልሳ አጣፋችና ወደ ጫኔ ዞረች። «አንተም እንዲህ ታስምለኝ እንደሆን ከአሁኑ ንገረኝ። አንተ ካልተናገርህ እኔ ግቢው ውስጥ ቆሜ እጮኻለሁ።»

ጫኔ ጫማውን አየ። ከዚያ አወለቀው።

የኦፕራሲዮኑ ቀን ክፍላችን የሠርግ ቤት መስሏል። ሥራ ያለውም የሌለውም በመስኮት ያያል። ዶክተር ሄኖክ በቴሌቪዥኑ ላይ ያንን ረጅም፣ የላላ አንጀት ሲያሳየን «አሃ» አልን ሁላችንም። ጋዙ የጫኔን ሆድ ሲነፋ እኔ የትንፋሹን ማሽን አስተካክላለሁ፣ የደም ግፊቱን አያለሁ፣ በመሃል ቴሌቪዥኑን ሰርቄ አያለሁ። የተቆረጠው አንጀት በግራ በኩል ከታች በተከፈተች ትንሽ ቀዳዳ ተስቦ ወጣ። መጨረሻ ላይ የእኔ ተራ ሆነ። የቀኙን ጎን ወጋሁ፣ ጥቁሩ ዓይን ተከፈተ። ወደ ግራው ስዞር ማዋለጃ ክፍሉ አልትራሳውንዱን ፈልጎ ሲስተር ላከ፣ እሷም በሩ ላይ ቆማ ታጣድፈኛለች። ግራውንም ወጋሁ፤ መድኃኒቱ ገባ፣ ማሽኑ ሄደ። ጫኔ በሰላም ነቃ።

ከሰዓት በኋላ ዋርድ ስደርስ አልጋው በጠያቂ ተከቧል። አገሩ ሰምቶ ግማሹ ወርዷል። በራስጌው አያ ሞላ የሚባሉ ትልቅ አጎቱ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። «እግዜር ይማርህ» ይላል የሚገባው ሁሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል ጫኔ። ፈገግታው የአያ እንየው ፈገግታ ነው፣ ቁርጥ እሱኑ።

«ጫኔ፣ እስቲ ሳል» አልኩት።

እህ አለ።

«ድገመው።»

አየር ሳበ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። እጁ ወደ ግራ ጎኑ ሊሄድ ተነሳና መንገድ ላይ መለሰው፣ ብርድ ልብሱን ጨበጠ። ወይዘሮ የሺ አየችው። እሱም አያት። ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ከእሱ ሌላ ከማንም አፍ ሊወጣ አይችልም።

«ቀኙ ሸጋ ነው» አለ ጫኔ። «ግራው ያመኛል።»

«ምነው ጫኔ?» አሉ አያ ሞላ ከዘራቸውን መሬት እየመቱ።

«ይናገር ተዉት!» አለች ወይዘሮ የሺ። ያን ያህል ድምፅ ከዚያች ቀጭን ሴት ይወጣል አላልኩም። ጠያቂው ሁሉ ዞሮ አያት። «ተዉት ይናገር አያ ሞላ። ያኛው ዝም ብሎ ነው የሄደብኝ።»

እኔ በረርኩ። ከስድሳ ጥቂት የጎደለኝ ሴት ኮሪደሩን ስሮጥ ተማሪዎቼ ሰው የሞተ መስሏቸው ተከተሉኝ። «አመመኝ አለ! በቤተሰቡ ፊት አመመኝ አለ!» እያልኩ ነው የምሮጠው። ማዋለጃ ክፍል ገብቼ ማሽኑን ከሲስተሯ እጅ ነጥቄ ተመለስኩ።

ማሽኑን አልጋው አጠገብ ሳቆም ወይዘሮ የሺ አወቀችው። «ይህ የእርጉዝ አይደል ምነው?» አለች። የአልጋው ዙሪያ በሳቅ ፈነዳ፤ አያ ሞላ ሳይቀሩ። ጫኔ «አታስቁኝ፣ ያመኛል» አለ፤ ከአፉ ሲወጣ ለሁለተኛ ጊዜ ነው፣ አሁን ግን ቀላል ሆኖለታል። ስክሪኑን አየሁ። በችኮላ የሰጠሁት መድኃኒት አንድ ድርብ ቀርቶት በመጀመሪያውና በሁለተኛው መሃል ተንጣልሏል። ሁለተኛው ጠቅ ጎድሎበታል። ከዚህ በፊት የገባውን መጠን አስልቼ የቀረውን ልክ አዘጋጀሁ። እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ አሞቅሁ። መርፌዋ ነጭ ክር ሆና ገባች፤ ጠቅ፤ ትንሽ ገፋ፤ ጠቅ። ጥቁሩ ዓይን ተከፈተልኝ።

ከዚያ ጠበቅን። ጠያቂው ሁሉ ጠበቀ፣ ማንም አልሄደም። ጫኔ አልፎ አልፎ ጎኑን በጣቱ ይነካካል። በኋላ ራሱ ቀና አለ።

«ልሳል?» አለኝ።

ሳለ። ያን ሳል እንዴት ልንገራችሁ! ከሆዱ ሥር ተነስቶ ደረቱን ጠርጎ የወጣ ሳል ነው። ደገመው። የዋርዱ ሰው ከየአልጋው ቀና ቀና አለ። ወይዘሮ የሺ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ እኔም ዋርድ መሃል ቆሜ «አልሐምዱሊላህ» እያልኩ አለቀስኩ፣ አላፈርኩም። አያ ሞላ መጡና በሹክሹክታ «እኔም ጉልበቴን ያመኝ ነበር፣ እታለም» አሉኝ። ከእሳቸው ኋላ ሌላ ሰውም ቆሞ ተራ ይጠብቃል።

ጫኔ በእግሩ ወጣ። በተሸኘ ዕለት አገሩ ከመግባቱ በፊት «ወንድሜን ያስተኛው ረጅሙ ሰውዬ አለ?» ሲል ጠየቀኝ። ጡረታ መውጣቱን፣ ቀሐ እንደሚኖር ነገርኩት። «ውሰጅኝ» አለኝ። ባጃጅ ይዘን ሄድን፣ እኔ፣ እሱና ወይዘሮ የሺ። መንገድ ላይ ጫኔ ምን እንደሚለው እያሰብኩ ፈራሁ። ጋሽ ሥዩም ስለ አያ እንየው ካነሳ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ያላነሳው ረስቶት እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።

ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ሹራቡን ለብሶ። ዓይኑ ደክሟል። «ጋሽ ሥዩም፣ እንግዳ አምጥቻለሁ» አልኩት። «የአያ እንየው ወንድም ነው። አንጀቱን በቀዳዳ ሠራንለት።»

ምርኩዙን አጥብቆ ያዘ። ሊነሳ ሞከረ፣ አልሆነለትም።

ጫኔ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ባርኔጣውን አውልቆ ፊት ለፊቱ ቆመና ሳለ። ጥሩ ሳል ነበረች። ጋሽ ሥዩም አንገቱን አዘንብሎ ሰማት። ከዚያ ሁለቱን እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከተተ፤ ቆይቶ አወጣና የጫኔን ሆድ በልብሱ ላይ ያዘ፣ አንዱን እጅ በቀኝ፣ አንዱን በግራ።

«ድገመው» አለ።

ጫኔ ደገመው።